ለጎረምሳ ብጉር የቱ ይሻላል? የገበያው ቅልቅል ክሬም፣ ቀሲል ወይስ የፋርማሲው ቱቦ

ድሬዳዋ ላይ ልጁ 13 ወይም 14 ዓመት ሞልቶት ግንባሩ በብጉር ሲሸፈን ቤተሰብ የሚጠይቀው ያው ነው፦ «የትኛው ይሻላል? ከየት እንግዛ?» መልሱን ከመጀመሪያው ልናገር። ገንዘቡ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ ከፋርማሲ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ጄል ግዙ፤ 2.5 በመቶ፣ እሱ ከጠፋ 5 በመቶ። ቀሲል የሚባለው የቅጠል ዱቄት ለመታጠቢያ ይሁን። በትንሽ ነጭ የፕላስቲክ ዕቃ እየተሞላ የሚሸጠውን ቅልቅል ክሬም ግን በነጻ ቢሰጧችሁም አትቀበሉ።

ሰው ወደ ቅልቅሉ የሚሄደው ርካሽ መስሎት ስለሆነ ከዋጋው እንጀምር። ብር ከሐምሌ 2016 ጀምሮ በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው አይረጋም። ስለዚህ የዛሬን ዋጋ ከመሸምደድ ስሌቱን መያዝ ይሻላል፦ የቱቦውን ዋጋ ትታችሁ የአንድ ሌሊቱን ዋጋ አስሉ። ለፊት በሙሉ የሚበቃው ጄል ከጠቋሚ ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ የሚሰመር አንድ መስመር ነው፤ ግማሽ ግራም ገደማ ይሆናል። 30 ግራም ቱቦ 60 ሌሊት ያስኬዳል ማለት ነው። ለስሌት ያህል ቱቦው 600 ብር ነው እንበል፤ ሌሊቱ 10 ብር ወጣ። 50 ግራም ቅልቅል ደግሞ 250 ብር ነው እንበል። ጠዋትና ማታ ወፈር ተደርጎ ስለሚቀባ በቀን 2 ግራም ይሄዳል፤ በ25 ቀን ያልቃል። ቀኑ ያው 10 ብር! ከሻጩ የሰማችሁትን ዋጋ በእነዚህ ቁጥሮች ቦታ አስገብታችሁ ራሳችሁ ድገሙት።

ይህ እንግዲህ የኋላው ወጪ ሳይታሰብ ነው። ቅልቅሉን ከፍታችሁ እዩት። ወደ ቢጫ ያደላ ነጭ፣ ሽቶው የበዛ፣ ዳር ዳሩ ላይ ዘይቱ የተለየ ክሬም ነው። ዕቃው ላይ የፋብሪካ ስም፣ የምርት ቁጥር፣ ማብቂያ ቀን የለም። ውስጡ አብዛኛውን ጊዜ ጠንካራ ስቴሮይድ አለበት፤ ክሎቤታሶል ወይም ቤታሜታዞን። አንዳንዱ ሃይድሮኪኖን ወይም ሜርኩሪ የገባበት ማንጫ ነው። ልጁ በሦስተኛው ቀን መቅላቱ ጠፍቶ፣ ፊቱ ጠርቶ ሲታይ ቤተሰቡ «መድኃኒቱ ተገኘ» ይላል። ስቴሮይዱ የሚያደርገው ግን የቆዳውን መቆጣት ማፈን ብቻ ነው፤ የተደፈነውን ቀዳዳም ሆነ ባክቴሪያውን አይነካም። ሳምንታት ሲያልፉ ጉንጭና አገጭ ላይ መጠናቸው እኩል የሆነ ደቃቅ ቀይ ሽፍታ ይወጣል፣ ቆዳው ይሳሳል፣ የደም ሥር ይታያል፣ ልጃገረዶች ላይ የፊት ጸጉር ይበዛል። ክሬሙን ሲያቆሙ ደግሞ ፊቱ ይነድዳል፣ ከቀድሞው ብሶ ያብጣል። ልጁም «ያለ እሱ አልችልም» ብሎ ይመለስበታል። በዚህ መንገድ ከአንድ ዕቃ ወደ አሥር ዕቃ ይደርሳል፤ መጨረሻው የቆዳ ሐኪም ነው፣ እዚያ የሚወጣው ገንዘብ ደግሞ የሃያ ቱቦ ጄል ዋጋ ቢሆን አይገርምም።

የጎረቤት ቱቦም ያው ነው። ለችፌ የታዘዘ ክሬም ስሙ ክሎቤታሶል፣ ቤታሜታዞን፣ ሞሜታዞን ወይም ፍሉኦሲኖናይድ ከሆነ ለብጉር አይሆንም፤ ከታወቀ ፋርማሲ ቢገዛም አይሆንም። ልጁ ለወራት ሲቀባው የቆየ ከሆነ ደግሞ በራሳችሁ ፈቃድ በአንድ ቀን አታስቁሙት። ሐኪም ቀስ በቀስ ያስቀንሰዋል።

ቀሲልን አልንቀውም። የቁርቁራ ዘመድ ከሆነ ዛፍ ቅጠል የሚገኝ ዱቄት ነው። በውስጡ እንደ ሳሙና አረፋ የሚሠራ ነገር ስላለ ወዝን ያነሳል፣ ዋጋውም ለማንም ኪስ አይከብድም። ለድሬዳዋ ውኃ ደግሞ አንድ ጥቅም አለው። ውኃችን ኖራ የበዛበት ነው፤ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ቅርፊት ሁሉም ያውቀዋል። ተራ ሳሙና ከዚህ ውኃ ጋር ሲገናኝ የሚያጣብቅ ዝቃጭ ይተዋል፤ ቆዳውንም ያደርቃል። ቀሲል ይህን ዝቃጭ አይተውም። ችግሩ በልቅ ሲሸጥ ነው፦ አሸዋና ስንጥር አለበት። በጣታችሁ መካከል አሹት፤ ከሻከረ በስስ ሻሽ ንፉት። ግማሽ የሻይ ማንኪያ በውኃ ለውሳችሁ፣ ሁለት ደቂቃ አቆይታችሁ፣ ፊት ላይ ደርቆ ሳይሰነጠቅ እጠቡት። የተለወሰውን ለነገ አታሳድሩ። ሎሚ አትጨምሩበት፤ ሎሚ ተቀብቶ የድሬዳዋ ፀሐይ ላይ የወጣ ፊት ይቃጠልና ከብጉሩ የባሰ ጥቁረት ይተርፈዋል። የጥርስ ሳሙናም እንደዚያው ነው። ቀሲል ያጥባል እንጂ መግል የያዘ ብጉርን አያድንም። ከቱቦው ጋር ተባባሪ እንጂ ተተኪ አይደለም።

አሁን ወደ ቱቦው። ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ብጉር የሚያባብሰውን ባክቴሪያ ይገድላል፤ ባክቴሪያውም አይላመደውም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው 10 በመቶውን «ጠንካራ ነው» ብሎ ሲገዛ ነው። ፊት ላይ 2.5 በመቶው ከ10 በመቶው ጋር ተቀራራቢ ውጤት ይሰጣል፤ ማቃጠሉና ማድረቁ ግን በእጅጉ ያነሰ ነው። ለእኛ ቆዳ ይህ ትልቅ ጉዳይ ነው፤ የተቆጣ ጠይም ቆዳ ጥቁር ነጠብጣብ ይተዋል፣ እሱን ለማጥፋት ደግሞ ወራት ይፈጃል። 10 በመቶው ለጀርባና ለደረት፣ ያውም ተቀብቶ ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ለሚታጠብ ይሁን።

መጀመሪያ አገጭ ስር ትንሽ ቦታ ላይ ሦስት ሌሊት ሞክሩት። ካበጠ ወይም ክፉኛ ካሳከከ አለርጂ ነውና ተዉት። ደህና ከሆነ ማታ ፊት ሳይፈተግ ታጥቦ፣ ተጠርጎ፣ አሥር ደቂቃ ይቆይ፤ እርጥብ ቆዳ ላይ ይለበልባል። የጣቱን ጄል ግንባር፣ ሁለት ጉንጭ፣ አፍንጫና አገጭ ላይ በአምስት ነጥብ አስቀምጦ በስሱ ማዳረስ ነው። ብጉሩ ላይ ብቻ መለጠፍ ጥቅም የለውም፤ የነገው ብጉር ዛሬ የማይታይበት ቦታ ነው ያለው። የዓይን ሽፋን፣ የአፍንጫ ጥግና የከንፈር ዳር ይዘለል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት በአንድ ቀን ልዩነት፣ ከዚያ በየሌሊቱ። 5 በመቶ ብቻ ካገኛችሁ መጀመሪያ ላይ አሥር ደቂቃ አቆይቶ መታጠብ ይቻላል። ሐረር ያላችሁ ደግሞ አየሩ ቀዝቀዝ ያለ ስለሆነ በሳምንት ሁለት ሌሊት ጀምሩ፤ ከላዩም ሽታ የሌለው ቀለል ያለ ማለስለሻ ቀቡ። ለውጡ የሚታየው ከ6 እስከ 8 ሳምንት ነው። 12 ሳምንት ሞልቶ ምንም ከሌለ፣ ወይም ከመጀመሪያው ጠልቆ የሚያም እብጠትና ጠባሳ ካለ፣ ሌላ ቱቦ ሳትገዙ ወደ ቆዳ ሐኪም ሂዱ።

ጄሉ ጨርቅ ያነጣል። የትራስ ልብሱ ነጭ ይሁን፣ ፎጣውም ነጭ። ጠዋት ሳይታጠብ ዩኒፎርም የለበሰ ልጅ ላብ ሲያወርደው ኮሌታው ይዥጎረጎራል፤ ባለቀለም ሂጃብ ግንባሩ ጋ ቢጫ ይሆናል። የጠፋ ቀለም ታጥቦ አይመለስም፣ ይህም ወጪ ነው።

ከሁሉ በላይ የምለምናችሁ ሙቀቱን እንድታስቡ ነው። ይህ ጄል ከ25 ዲግሪ በላይ መቆየት አይወድም፤ ድሬዳዋ ግንቦት ላይ ደግሞ ከ35 በላይ ናት። እ.ኤ.አ. በ2024 አሜሪካ ውስጥ አንድ ቤተ ሙከራ ጄሉ ሙቀት ላይ ሲቆይ ቤንዝን የተባለ ካንሰር አምጪ ኬሚካል እንደሚፈጠርበት አሳየ። በ2025 የአገሪቱ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ 95 ምርቶችን ሲፈትሽ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆኑት ላይ አላገኘም ወይም እጅግ ጥቂት ነው ያገኘው፤ ጥቂቶቹ ግን ከገበያ ተሰበሰቡ። ስለዚህ በኮንትሮባንድ በበረሃ ተጭኖ መጥቶ ፀሐይ ላይ የተዘረጋ ቱቦ ስሙ ትክክለኛ ቢሆንም አይገዛም። ቤት ውስጥም ከቆርቆሮው ጣሪያ ስር አይቀመጥ፤ ፍሪጅ ካለ በሩ ላይ፣ ከሌለ ጥላ ያለበት ወለል አጠገብ ይሁን።

አስመስለው የሠሩትንም ለዩ። የቱቦውን ጭራ ተመልከቱ፦ የምርት ቁጥሩና ማብቂያ ቀኑ ታትሞ ወይም ተቀርጾ መውጣት አለበት፤ በጥፍር ሲፋቅ የሚለቅ ቀለም ጥሩ ምልክት አይደለም። ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ቱቦው ላይ ካለው ጋር አንድ ካልሆነ መልሱት። ከፋርማሲ ስትወጡ ደረሰኝ ያዙ።

አዳፓሊን 0.1 በመቶ ጄልስ? ጥሩ መድኃኒት ነው፤ አሜሪካ ውስጥ ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 12 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆናቸው ያለ ማዘዣ ይሸጣል። ብጉሩ ቀይ ሳይሆን ጥቁርና ነጭ ነጥብ ከሆነ እንዲያውም እሱ ይቀድማል። ብዙ ጊዜ ቱቦው 15 ግራም ስለሆነ ዋጋውን በግራም አካፍላችሁ አወዳድሩ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሊያባብስ ይችላል፤ ለነፍሰ ጡር አይሆንም።

ግንባርና ደረት ላይ እኩል እኩል የሆነ፣ የሚያሳክክ ደቃቅ ሽፍታ ከሆነ ደግሞ በላብ የሚባባስ የፈንገስ ሽፍታ ሊሆን ይችላልና ጄሉ ላይ ገንዘብ አትጨርሱ፤ ሐኪም ያየው። ብጉሩ የጸጉር መስመሩን ተከትሎ ብቻ ከወጣ ደግሞ ጸጉር ላይ የሚቀባው ቅቤና ዘይት ነው የወረደው። ሹሩባ ስትሠራ ዘይቱ ከግንባር ሁለት ጣት ይራቅ፣ ሻሹም በየቀኑ ይታጠብ፤ ይህ ምንም ብር አይጠይቅም።

ልጅ ወደ ፋርማሲ ስትልኩ «የብጉር መድኃኒት» ብላችሁ አትላኩ። ወረቀት ላይ «ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ጄል፣ 2.5 ወይም 5 በመቶ፣ 30 ግራም» ብላችሁ ጻፉ። «የለም፣ ክሊንዳማይሲን ውሰድ» ቢሉት ብቻውን አይውሰድ፤ ክሊንዳማይሲን አንቲባዮቲክ ስለሆነ ያለ ቤንዞይል ፐርኦክሳይድ ሲቀባ ባክቴሪያው ይላመደዋል። ሌላ ፋርማሲ ይጠይቅ፤ እስኪገኝ ቀሲሉ ይበቃዋል።