ካንኩን ላይ «የሜክሲኮ ምግብ በአንድ ማታ» ሲሏችሁ አትግዙ

ከዲሲም ከዳላስም ሐበሻው ካንኩንን ጓሮው አድርጎታል። ሠርጉም፣ ጫጉላውም፣ የልደት ድግሱም እዚያ ሆኗል። ስለዚህ ይሄ መልእክት ለሚሄድ ሁሉ ነው። ሆቴል ሎቢ ውስጥ ካለችው የአስጎብኚ ጠረጴዛ «የሜክሲኮ ክልሎች ጣዕም» ምናምን የሚባለውን የእራት ጥቅል አትግዙ። ስሙ ከሆቴል ሆቴል ይለያያል። ነገሩ ግን ያው ነው።

እኛ ላይ እንዲህ ነበር የተሸጠው። የሚያምር ፖስተር ተለጥፏል። ኦሃካ፣ ዩካታን፣ ፑዌብላ፣ ሚቾዋካን፣ ቬራክሩዝ፣ ሁሉም በአንድ ጠረጴዛ። አንድ ማርጋሪታ፣ የማሪያቺ ሙዚቃ፣ የሚወስድና የሚመልስ መኪና። ለአንድ ሰው 95 ዶላር። ከዚያ ሻጯ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ለእናንተ ግን በ25 ላደርግላችሁ እችላለሁ» አለች። ምን አድርገንላት ነው? ምንም። በማግስቱ ጠዋት አንድ አዲስ ሆቴል ሄደን ነፃ ቁርስ መብላት ብቻ። ለ90 ደቂቃ።

ነፃው ቁርስ የታይምሼር ገበያ ነው። ለማታውቁት፣ ታይምሼር ማለት በየዓመቱ ለተወሰኑ ሳምንታት የሆቴል ክፍል የመጠቀም መብትን በብዙ ሺህ ዶላር አስቀድሞ መግዛት ነው። ከላዩ ላይ ደግሞ ዓመታዊ የጥገና ክፍያ አለበት። 90 ደቂቃ የተባለው እስከ ምሳ ሰዓት ተጎተተ። አንዱ ሻጭ ሲደክመው ሌላው ይተካል። እምቢ ስትሉ ዋጋው ይወርዳል። አሁንም እምቢ ስትሉ «ማናጀሩ» ራሱ መጥቶ ስለ ልጆቻችሁ ይጠይቃችኋል። እኅቴና ባሏ ንቅንቅ አላሉም፤ ተባረኩ።

ዋናው ሽወዳ ግን ደረሰኙ ጀርባ ላይ በጥቃቅን ፊደል የተጻፈው ነው። ባለትዳር ከሆናችሁ ሁለታችሁም መምጣት አለባችሁ። ዕድሜ ተወስኗል፣ ገቢ ተወስኗል፣ መታወቂያና የባንክ ካርድ ማሳየት አለ። አንዱን ካላሟላችሁ የ25ቱ ዋጋ ይቀርና ሙሉው 95 ከካርዳችሁ ላይ ይነሳል። አብሮን የነበረ ጓደኛችን ብቻውን ስለሆነ «አያሟላም» ተባለ። ቁርሱንም አልበላ፣ ቅናሹንም አላገኘ። ሲከፍል ማንም አልነገረውም፤ የተነገረው ከተከፈለ በኋላ ነው።

እሺ፣ እራቱስ? እዚህ ጋ ነው የተናደድኩት። ገንዘብ ይመጣል ይሄዳል።

መጀመሪያ የቀረበው ቺሌስ ኤን ኖጋዳ ነው፤ የፑዌብላ ኩራት። ትልቅ አረንጓዴ የፖብላኖ ቃሪያ በሥጋና በፍራፍሬ ተሞልቶ፣ ነጭ የዋልነት ስጎ ይፈስበትና የሮማን ፍሬ ይበተንበታል። አረንጓዴ፣ ነጭ፣ ቀይ፤ የባንዲራቸው ቀለም ነው። በአፈ ታሪካቸው እ.ኤ.አ. በ1821 የፑዌብላ መነኮሳት ለነፃነት ጦር መሪው ለኢቱርቢዴ የሠሩት ነው ይላሉ። ምግቡ ወቅት አለው። አዲሱ ዋልነትና ሮማኑ የሚደርሱት ከሐምሌ እስከ መስከረም ገደማ ስለሆነ፣ ፑዌብላ ውስጥ ሰው ዓመቱን ሙሉ ጠብቆ ነው የሚበላው። እኛ የሄድነው በየካቲት! ስጎው ስኳር የበዛበት የቆርቆሮ ክሬም ነበር። ሮማን በመባል የቀረበውም የደረቀ ክራንቤሪ ሆኖ ተገኘ።

ቀጥሎ ኮቺኒታ ፒቢል። የዩካታን የአሳማ ሥጋ ነው። በአቺዮቴ (ቀይ የፍሬ ቅመም) እና በኮምጣጣ ብርቱካን ተዘፍዝፎ፣ በሙዝ ቅጠል ተጠቅልሎ፣ ጉድጓድ ውስጥ ሌሊቱን ይበስላል። ሌሊት የሚበስለው ጠዋት እንዲበላ ነው። ዩካታኖች በተለይ እሑድ ማለዳ ገበያ ሄደው ይበሉታል፣ ከረፈደ ያልቃል። ማታ በሦስት ሰዓት በዶሮ ተቀይሮ ሳህን ላይ የመጣልን የአንድ ቀን አዳሪ ነው ማለት ነው። ቶርቲያው (የበቆሎ ቂጣው) ደግሞ ቀዝቅዞ ጠርዙ ተሰነጣጥቋል። ደህና ቶርቲያ በቆሎው በኖራ ውሃ ተቀቅሎ፣ ተፈጭቶ፣ እዚያው ምጣድ ላይ ተነፍቶ ነው የሚመጣው። ስታጥፉት አይሰበርም፣ ሽታው ብቻውን ያስበላል።

የኦሃካ ጥቁር ሞሌ (የቃሪያና የቅመም ወፍራም ስጎ) ተብሎ የቀረበው ከጠርሙስ የወጣ ሊጥ በውሃ የተበጠበጠ ነው። በነገራችን ላይ፣ የጠርሙስ ሞሌ ኃጢአት አይደለም። ሜክሲኳውያንም ቤታቸው ይጠቀሙታል፣ ጊዜ የሌለው ሰው ምን ያድርግ። ግን 95 ዶላር አይከፈልበትም።

የጉራጌን ክትፎ፣ የሲዳማን ቡርሳሜ፣ የዶርዜን ቆጮና የአርሲን ጭኮ አንድ የዱባይ ሆቴል በቡፌ ደርድሮ «ኢትዮጵያ ይቺ ናት» ቢላችሁ ምን ትላላችሁ? ልክ እንደዚያ ነው። የሜክሲኮ ባህላዊ ምግብ እ.ኤ.አ. በ2010 ዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስ ብሎ የመዘገበው ሥራ ነው። በቆሎው፣ ቃሪያው፣ ቅጠሉ፣ ወቅቱ ከቦታው ጋር የተያያዘ ነው። ካንኩን ራሷ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1970 ለቱሪስት ተብላ መገንባት የጀመረች ከተማ ናት። እዚያ ቁጭ ብሎ የአምስት ክልል ድስት መጣድ የሚችል አንድ ወጥ ቤት የለም።

ከሁሉ የከፋውን ልንገራችሁ። አንዱ ጓደኛችን ሙስሊም ነው። ሌሎቻችንም የአሳማ ሥጋ አንበላም። ሲሸጡልን «ችግር የለም፣ ያለ አሳማ እናዘጋጃለን» ብለው ወረቀት ላይ ጻፉ። ኮቺኒታውን በዶሮ ቀየሩልን፣ እሺ። ባቄላው ግን ገና ሲመጣ ያብረቀርቃል። አስተናጋጁን ጠራሁትና «ይሄ በምንድን ነው የተጠበሰው?» አልኩት። «ማንቴካ» አለ፣ ምንም ሳይመስለው። ማንቴካ የአሳማ ስብ ነው። ልጁ አልዋሸንም። እነሱ ዘንድ ስብ ሥጋ ተብሎ አይቆጠርም።

ስለዚህ «ሲን ሴርዶ» (ያለ አሳማ) ማለት ብቻ አይበቃም። «ሲን ማንቴካ» ብላችሁ ጨምሩ። የባቄላ ጥብስና ታማሌ (በቅጠል ተጠቅልሎ የሚበስል የበቆሎ ሊጥ) ውስጥ በብዛት አለ። የኦሃካ ትላዩዳ (ትልቅ ደረቅ ቶርቲያ) ላይ ከሥር የሚቀባው ቡናማ ነገር አሲየንቶ ይባላል፣ እሱም ያው የአሳማ ስብ ነው። ታኮ አል ፓስቶር ሲዞር ስታዩት ሻዋርማ ይመስላል። ዘሩም ከሊባኖስ ስደተኞች ሻዋርማ የመጣ ነው፣ ሥጋው ግን አሳማ ነው። የፑዌብላው ታኮ አራቤም ስሙ እንዳያታልላችሁ፣ ዛሬ የሚሠራው በአሳማ ነው። የዩካታን ሬዬኖ ኔግሮ የተርኪ ወጥ ነው ይሏችኋል፤ ውስጡ ያለው የተድቦለቦለ ሥጋ ግን ብዙ ጊዜ አሳማ ነው። የበግ ከፈለጋችሁ የኢዳልጎ ባርባኮዋ አለላችሁ፤ በማጌይ (እሬት መሳይ ተክል) ቅጠል ተሸፍኖ ጉድጓድ ውስጥ የበሰለ፣ ቅዳሜና እሑድ የሚገኝ። የፍየል ደግሞ ሃሊስኮ ውስጥ ቢሪያ፣ ሞንቴሬይ ውስጥ ካብሪቶ አለ። ለኛ ሰው የተፈጠሩ ናቸው።

ወደ ሂሳቡ ልመለስ። ከእራቱ በኋላ «ሰርቪስ 18 በመቶ» የሚል መስመር ተጨምሮ መጣ። ሜክሲኮ ውስጥ ቲፕ በፈቃድ ነው። ምግብ ቤት አስገድዶ ሂሳብ ላይ ሊጨምረው አይችልም። የተለመደው ከ10 እስከ 15 በመቶ ነው፣ እሱም ደስ ካላችሁ። 16 በመቶው ግብርም ሜኑ ላይ ባለው ዋጋ ውስጥ መካተት አለበት። መጨረሻ ላይ «ሲደመር ግብር» ካሉ ሕጋቸውን እየጣሱ ነው። ረጋ ብላችሁ «ፕሮፒናውን (ቲፑን) አውጡልኝ» በሉ። እኛ ስንል አስተናጋጁ ምንም ሳይከራከር አወጣው። ይሄ ራሱ አይነግርም?

የካርድ ማሽኑ ሌላ ወጥመድ ነው። «በዶላር ይከፈል ወይስ በፔሶ?» ብሎ ይጠይቃል። ዶላሩ የራሳችሁ ስለሆነ ደስ ይላል፣ ግን ምንዛሪውን የሚተምነው የእነሱ ማሽን ነው፣ ለእነሱ በሚያዋጣ ዋጋ። ሁሌም ፔሶ ምረጡ። ሌላው፣ ሜኑ ላይ ያለው የዶላር ምልክት የፔሶም ምልክት ነው። ዶላሩ ባለፉት ዓመታት ከ16 እስከ 21 ፔሶ ሲዋዥቅ ነበር። 250 የተጻፈበት ሳህን በፔሶ ከሆነ ደህና ዋጋ ነው። የካንኩን ሆቴል ሰፈር ውስጥ ግን በእውነተኛ ዶላር የሚያስከፍሉም አሉ። ከማዘዛችሁ በፊት ጠይቁ። ዓሣ በኪሎ የሚሸጥበት የባሕር ዳር ቤት ከገባችሁም ዓሣው እሳት ላይ ከመውጣቱ በፊት ይመዘን።

ታዲያ 95 ዶላሩን የት እናድርገው? እኛ መሃል ይሄ ጭቅጭቅ አላባራም። እኅቴ ሜሪዳ ትላለች። ከካንኩን 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በኤዲኦ አውቶቡስ አራት ሰዓት አካባቢ ይፈጃል። ሳንቲያጎ የሚባለው ሰፈር ገበያ ውስጥ ጠዋት ተቀምጣችሁ ሶፓ ዴ ሊማ ጠጡ፤ በዶሮ ወይም በተርኪ የሚሠራ፣ ሎሚው ልዩ የሆነ ሾርባ ነው። ፓፓድሱሌስ ደግሞ በዱባ ፍሬ ስጎ በተነከረ ቶርቲያ የተጠቀለለ እንቁላል ነው፣ ለኛ ለአሳማ ሸሺዎች ሰላም የሚሰጥ።

ጓደኛዬ በሜክሲኮ ሲቲ ይምላል። ኤል ካሊፋ ዴ ሊዮን የምትባል፣ ቆማችሁ የምትበሉባት ጠባብ ታኮ ቤት አለች። እ.ኤ.አ. በ2024 ከምግብ ቤት መዛኙ የሚሽላን መመሪያ ኮከብ አገኘች። የከብት ሥጋ፣ ጨው፣ ሎሚ፣ ቶርቲያ፤ አለቀ። እዚያው ከተማ «ኢትዮጵያ» የሚባል የሜትሮ ጣቢያም አለ። ሜክሲኮ የጣሊያንን ወረራ አልቀበልም ካሉ ጥቂት አገሮች አንዷ ስለነበረች ነው፤ እኛም አዲስ አበባ ላይ ሜክሲኮ አደባባይን ሰጥተናታል። ጣቢያው ያለበት ናርቫርቴ ሰፈር በታኮ የታወቀ ነው። ኤል ቪልሲቶ የሚባለው ቤት ቀን ጋራዥ ነው፣ ማታ ታኮ ቤት።

እኔን ከጠየቃችሁኝ ኦሃካ። ካንኩን ለባሕሩ ጥሩ ነው፣ ለሆድ ግን ኦሃካ ብረሩ። 20 ደ ኖቪየምብሬ የሚባለው ገበያ ውስጥ በጭስ የታፈነ መተላለፊያ አለ። ግራና ቀኝ ባለ ከሰል ሥጋ ሻጮች ይጠሯችኋል። ታሳሆ ምረጡ፤ ስስ ተደርጎ የተቆረጠ የበሬ ሥጋ ነው። ፊታችሁ ይጠበሳል። ቶርቲያውን ከአንዷ ሴትዮ፣ ሽንኩርቱንና ሳልሳውን ከሌላዋ ትገዛላችሁ፣ ሂሳቡም ለየብቻ ነው። እዚህም ቢሆን «ኩዋንቶ ኤል ኪሎ?» ብላችሁ ዋጋውን በኪሎ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ሞሌ ኔግሮውን ደግሞ ቀስ ብላችሁ ቅመሱት። የተቃጠለ ቃሪያ፣ ቸኮሌት፣ ቅመም፤ ቀናት የፈጀ ድካም ነው። ኦሃካ ሰባት ሞሌ አላት ይባላል። ሁሉንም በአንድ ሳህን የሚያቀርብላችሁ ሲገኝ ግን ሽሹ።

ለምትበሩት ደግሞ አንድ ተጨማሪ ነገር። ካንኩን አውሮፕላን ማረፊያ ጉምሩኩን አልፋችሁ ስትወጡ ባጅ ያደረጉ ሰዎች «ሆቴላችሁ የት ነው? መኪናችሁ ተቀይሯል» እያሉ ያስቆሟችኋል። የአየር መንገድ ሠራተኛ ይመስላሉ፣ ደላሎች ናቸው። ጨዋ መሆን አያስፈልግም፣ ቀጥ ብላችሁ ወደ ውጭ። የያዛችሁት መኪና የሚጠብቃችሁ ከሕንፃው ውጭ ነው።

ከፈረማችሁ በኋላ ይሄን የምታነቡ ካላችሁም ነገሩ አላለቀም። የታይምሼር ውል ከሆነ የሜክሲኮ ሕግ አምስት የሥራ ቀን ይሰጣችኋል፣ በዚያ ጊዜ ውስጥ ያለ ቅጣት መሰረዝ ትችላላችሁ። «ይሄ ውል አይሰረዝም» የሚል ወረቀት ቢያስፈርሟችሁም እንዳትፈሩ። ስረዛውን በጽሑፍ ስጡ፣ የተቀበለ ሰው ፈርሞ ማኅተም ያድርግበት፣ ፎቶ አንሱት። የእራቱ ጥቅል ከሆነ ደግሞ የሸማቾች ጥበቃ መሥሪያ ቤታቸው ፕሮፌኮ ይባላል፣ ስልኩ 55 5568 8722 ነው። ካርዳችሁን ለሰጣችሁ ባንክም ደውላችሁ ክፍያውን ተቃወሙ። ፖስተሩን፣ ደረሰኙን ከፊትም ከጀርባም፣ «ያለ አሳማ» ብለው የጻፉትንም አያይዙ። ጓደኛችን አሁን በዚህ ላይ ነው ያለው። ባንኩ ሲመልስለት እዚሁ እጽፋለሁ። ሎስ ካቦስ ወይም ፖርቶ ቫያርታ ላይ ተመሳሳይ ነገር የተሸጠላችሁ ካላችሁ ስንት እንደከፈላችሁና ምን እንደቀረበላችሁ ጻፉልን።