ለብሽሽት ሕመም የሚሸጠው ላስቲክ፦ የቱ ይገዛ፣ የት ይታሰር

ደሴ ፒያሳም ሆነ ኮምቦልቻ የስፖርት ዕቃ ሱቅ ገብቶ «ስሮጥ ብሽሽቴን ያመኛል» የሚል ሰው ከሚያገኛቸው ዕቃዎች መካከል ወገብና ታፋ ላይ የሚጠመጠም ማሰሪያ፣ ጠበቅ ያለ ቁምጣ እና በአንድ ከረጢት የታሸጉ አምስት ክብ ላስቲኮች ይገኙበታል። ገንዘብ ሊወጣበት የሚገባው ላስቲኩ ነው፤ ያውም አምስት አያስፈልግም፣ ሁለት ይበቃል።

ማሰሪያው ቦታውን ያሞቃል፣ እንቅስቃሴን በጥቂቱ ይገድባል፤ ታስሮ እያለ የሚቀላቸው ሰዎች አሉ። ጡንቻውን ግን አያጠነክርም። የደሴውን ጦሳ ተራራ ሲወጡበት ጉልበት ከፍ ባለ ቁጥር እየተንሸራተተ ጠርዙ ብሽሽትን ይከረክራል፤ በኮምቦልቻ ሙቀት ደግሞ ከስሩ ላብ ይዞ ቆዳ ያሳክካል። ቁምጣው ጭንና ጭን እንዳይፋፋቅ ያደርጋል። ለዚያ ከሆነ ይገዛ።

አሁን ወደ ላስቲኩ። ከጉልበት በላይ አጥልቆ ወደ ጎን መራመድ በየጂሙ የሚታይ ልምምድ ነው፤ የሚሠራው ግን የዳሌን የውጭ ጡንቻ ነው። የኳስ ተጫዋች ብሽሽት ሲታመም ብዙውን ጊዜ የተጎዳው እግርን ወደ ውስጥ የሚስበው የውስጥ ጭን ጡንቻ፣ በተለይም ከዳሌ አጥንት ጋር የሚያያዝበት ጅማት ነው። ሰው ለሳምንታት ሠርቶ «ላስቲኩ አይረባም» የሚለው እዚህ ላይ ተሳስቶ ነው።

ለውስጥ ጭን ላስቲኩ ከጎን ካለ ምሰሶ ጋር መታሰር አለበት። ከረጢት ውስጥ ያለችው ትንሿ ክብ ላስቲክ ታጥፋ ስትለካ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነች ለዚህ አትበቃም፤ ታጥፎ 1 ሜትር የሚሆነውን ረጅሙን ጠይቁ። ምሰሶው ላይ በቁርጭምጭሚት ከፍታ ይታሰርና ለምሰሶው በቀረበው እግር ይጠለቃል። እግሩን ወደ ሌላኛው እግር በ3 ሰከንድ መሳብ፣ 2 ሰከንድ መያዝ፣ በ3 ሰከንድ መመለስ። ዋናው ጥቅም ያለው መመለሱ ላይ ስለሆነ ላስቲኩ እግርን መንጠቅ የለበትም፤ ከነጠቀ ከብዷል፣ ወደ ቀጭኑ ውረዱ። በአንድ እግር 10 ጊዜ፣ ሦስት ዙር፣ ቀን እያሳለፉ። ወገብ ወደ ጎን ከዘነበለ ወይም ጉልበት ከታጠፈ ሥራውን ሌላ ጡንቻ ወስዶታል።

ትንሿ ላስቲክ የምትጠቅመው ሕመሙ ከፊት፣ ከጭን ራስ ላይ ሲሆንና ዳገት ላይ ጉልበት ሲነሳ ሲብስ ነው። በጀርባ ተኝቶ ላስቲኳን በሁለቱም እግሮች መሃል እግር ላይ (የጫማ ክር በሚታሰርበት) ማጥለቅ፣ አንዱን ቀጥ አድርጎ መተው፣ የሌላውን ጉልበት ከዳሌው ትይዩ እስኪሆን ወደ ላይ መሳብ፤ ፍጥነቱም ቁጥሩም ያው ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት ግን ኳስ ተጠቀሙ። በጀርባ ተኝታችሁ እግር ዘርግታችሁ ኳሱን በቁርጭምጭሚቶች መሃል 5 ሰከንድ በሙሉ ኃይል ጨምቁና የብሽሽቱን ሕመም ከ0 እስከ 10 ስጡት። እስከ 2 ከሆነ ልምምዱ ይቀጥላል፤ ከ3 እስከ 5 ከሆነ ሩጫውና ኳስ መምታቱ ይቀነስ፤ 6 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ላስቲኩ ይቆይ። በዚያ ጊዜ ኳሱን በጉልበቶች መሃል ይዞ፣ ሕመሙ በሚፈቅደው ኃይል ለ30 ሰከንድ መጭመቅ ይበቃል፤ እየተሻለ ሲሄድ እስከ 10 ጊዜ ይደረሳል። በየሳምንቱ መለካት ደግ ነው፤ ሕመሙ በማግስቱ ጠዋት ከጨመረ ያለፈው ቀን ሥራ በዝቷል።

ሱቆቹ ባይወዱትም፣ ገና ላልታመመ ኳስ ተጫዋች ላስቲክም አያስፈልገውም። በጎን ተኝቶ የላይኛውን እግር ጓደኛ እንዲይዝለት አድርጎ የታችኛውን ወደ ላይ እያነሱ ሰውነትን ማንሳት ኮፐንሃገን የሚባለው ልምምድ ነው። በ2019 የታተመ የኖርዌይ የእግር ኳስ ቡድኖች ጥናት በዚህ ልምምድ የብሽሽት ችግር ተጋላጭነት በ41 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል። ቀድሞ የታመመ ሰው ግን በዚህ አይጀምር፣ ከባድ ነው።

ላስቲክም ማሰሪያም የማይመለከታቸው ሕመሞች አሉ። ሲያስሉ ወይም ከባድ ሲያነሱ ብሽሽት ላይ የሚወጣ እብጠት ቡአ ሊሆን ስለሚችል ለሐኪም ይታይ፤ እብጠቱ አልመለስ ብሎ ካመመና ካስመለሰ ለነገ አይባልም። በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት ቁልቁል እየሮጡ ርቀት በፍጥነት የጨመሩ ሰዎች፣ እግር ሲረገጥ የሚብስና ሌሊትም የማይተው ሕመም ከመጣባቸው የጭን አጥንት አንገት መሰንጠቅ ይጠረጠራል። ሩጫው በዚያው ቀን ይቁም፤ ወጌሻ ጋ ሄዶ ማሳሸት ደግሞ አጥንቱን ሊያባብሰው ይችላል። መጀመሪያ ላይ ራጅ ንጹሕ ሊያሳይ ስለሚችል ሕመሙ ካልቀነሰ በራጁ ብቻ ተማምኖ ወደ ሩጫ መመለስ አይገባም። ቁጢጥ ሲሉ ከውስጥ የሚቆነጥጥ፣ የት እንደሆነ ሲጠየቅ ሰውየው ዳሌውን በአውራ ጣቱና በሌሎቹ ጣቶቹ ጨብጦ የሚያሳየው ሕመም ከመገጣጠሚያው ሊሆን ይችላል፤ እሱን ጥልቅ ስኳት (ቁጢጥ ብሎ መነሳት) ያባብሰዋል።

ስትገዙ ቀለሙን አትመኑ፤ የአንዱ ፋብሪካ ቀይ የሌላው ፋብሪካ ቀላሉ ሊሆን ይችላል። በጣት ውፍረቱን እያነጻጸሩ ቀጭኑንና ተከታዩን ውሰዱ። ወጠር አድርጋችሁ ለብርሃን አሳዩት፤ ጠርዙ ላይ ስንጥቅ ወይም ነጭ መስመር ካለ ይበጠሳልና መልሱት። ጎማው ባዶ ቆዳ ላይ እየተጠቀለለ ጸጉር ይነቅላል፣ ስለዚህ ከሱሪ ላይ ይደረግ። ላቡን በውሃ አጥቦ በጥላ ማድረቅ፣ እንዳይጣበቅ የሕፃናት ፓውደር መነስነስ ዕድሜውን ያረዝመዋል፤ ቅባት የነካው ወይም ኮምቦልቻ ፀሐይ ላይ መኪና ውስጥ የዋለ ግን ቶሎ ይበላሻል። የጎማ ጓንት ቆዳውን የሚያሳክከው ሰው ከላቴክስ (ከተፈጥሮ ጎማ) ያልተሠራውን ይፈልግ።