ለሊምፎማ ታማሚ የትኛው ጨረር ይሻላል? ይትሪየም ወይስ አዮዲን የተጫነበት አንቲቦዲ

ከደብረ ብርሃን፣ ከመሐል ሜዳ ወይም ከሸዋ ሮቢት ለሊምፎማ (የሊምፍ ሕዋሳት ካንሰር) ሕክምና ውጭ አገር ለመሄድ የሚዘጋጁ ቤተሰቦች፣ ጨረር ስለተጫነባቸው አንቲቦዲዎች (የተወሰነ ፕሮቲን ፈልገው የሚይዙ መድኃኒቶች) ሲነገራቸው አብዛኛውን ጊዜ የሚያነጻጽሩት ዋጋውን ነው። በእኔ እምነት ግን መጀመሪያ መታየት ያለበት የጨረሩ ዓይነት ነው፤ ታማሚው ቤቱ ከተመለሰ በኋላ የሚያስፈልገው ጥንቃቄ ሁሉ የሚመነጨው ከዚያ ነውና።

እ.ኤ.አ. በ2002 በአሜሪካ የተፈቀደው ባለ ይትሪየሙ መድኃኒት ዜቫሊንም ሆነ በ2003 የተፈቀደው ባለ አዮዲኑ ቤክሳር ወደ ካንሰሩ የሚደርሱት በሕዋሱ ገጽ ላይ ያለውን ሲዲ20 የተባለ ፕሮቲን በመያዝ ነው። የናሙና ምርመራው ሲዲ20 መኖሩን ካላረጋገጠ ሁለቱም አይጠቅሙም፤ ስለዚህ ቀብድ ከመከፈሉ በፊት ያንን ውጤት በእጅ መያዝ ይገባል። ሪቱክሲማብ የተባለው ጨረር የሌለው አንቲቦዲም የሚይዘው ይህንኑ ፕሮቲን ስለሆነ፣ ገና ያልወሰደው ታማሚ በቅድሚያ ስለ እርሱ ሐኪሙን ይጠይቅ።

ቤክሳር የተሸከመው አዮዲን 131 ግማሽ ዕድሜው (ጨረሩ በግማሽ የሚቀንስበት ጊዜ) 8 ቀን ነው። አጭር ርቀት ብቻ ከሚጓዘው ቤታ ጨረሩ ጋር የሚወጣው ጋማ የተባለ ሰውነትን ዘልቆ የሚወጣ ጨረር ለካሜራ ስለሚታይ፣ ሐኪሙ የእያንዳንዱን ታማሚ መጠን ለመለካት ይረዳዋል። ይሁንና ያው ጋማ ከሰውነት ወጥቶ አጠገብ ያለውን ሰው ያገኛል፤ በመንዝ ብርድ ወላጅና ልጅ በአንድ ባና ሥር በሚያድሩበት ቤት ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። የታይሮይድ ዕጢን የሚከላከል መድኃኒትም አስቀድሞ መወሰድ ነበረበት። ቤክሳር እ.ኤ.አ. በ2014 ከገበያ ስለወጣ፣ ዛሬ በዚህ ስም ዋጋ የሚያቀርብ ደላላ ካለ ሊጠረጠር ይገባል።

ዜቫሊን የሚሸከመው ይትሪየም 90 ግማሽ ዕድሜው 64 ሰዓት ያህል ሲሆን፣ ቤታ ጨረሩ በሥጋ ውስጥ ቢበዛ 11 ሚሊ ሜትር ገደማ ይጓዛል። በዚህም አንቲቦዲው ያልደረሰባቸውን አጎራባች የካንሰር ሕዋሳት ጭምር ስለሚመታ፣ ተለቅ ላለ እብጠት ከአዮዲኑ የተሻለ ሆኖ አገኘዋለሁ። እንደ አዮዲኑ ጋማ ስለማያወጣ ለቤተሰብ የሚያስፈልገው ጥንቃቄም ቀላል ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከሽንትና ከሌሎች የሰውነት ፈሳሾች መጠበቅ፣ እጅንም በሚገባ መታጠብ ነው።

የዜቫሊን ከባድ ጎኑ የአጥንት መቅኔን መጉዳቱ ነው። ፕላትሌቱ (ደም እንዲረጋ የሚያደርገው የደም ክፍል) በአንድ ማይክሮ ሊትር ደም ከ100,000 በታች ለሆነ፣ ወይም ካንሰሩ ሩብና ከዚያ በላይ የሆነውን መቅኔ ለያዘበት ሰው አይሰጥም። የደም ሕዋሳት ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ በጣም ዝቅ የሚለው ከሕክምናው በኋላ ከ7 እስከ 9 ሳምንት ባለው ጊዜ፣ ማለትም ታማሚው ድኖ ተመለሰ ተብሎ ዘመድ በሚሰበሰብበት ወቅት ነው። ስለዚህ በየሳምንቱ የሚደረገው የደም ቆጠራና የመመላለሻው ወጪ ከመድኃኒቱ ዋጋ ጋር አብሮ ይታሰብ።

ለፕሮስቴት ካንሰር የሚሰጠው፣ ፒኤስኤምኤ የተባለውን ፕሮቲን የሚይዘው የሉቴቲየም 177 የጨረር ሕክምና በአንቲቦዲ ሳይሆን በአነስተኛ ሞለኪውል የሚሠራ በመሆኑ፣ ከእነዚህ ጋር በአንድ ሚዛን አይመዘንም።

እኔ ከሁለቱ የምመርጠው ይትሪየሙን ነው። ነገር ግን የመሐል ሜዳው ታማሚ ቢያንስ እስከ 12ኛው ሳምንት ደሙ የሚቆጠርበትና ካስፈለገም ፕላትሌት የሚያገኝበት ቦታ አጠገቡ ከሌለ፣ እነዚያን ወራት አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ቢቆይ ይሻላል።