ደብሊው-ኦል «ሁሉም» ማለት አይደለም፦ የጂሲሲና የክላንግ ዋርኒንጎች ቢልድ ስክሪፕት ለሚጽፍ ሰው

ሰላም ወገን፣ ይሄ ሪቪው በሲ የሆነች ላይብረሪ ጽፋችሁ ሌላ ሰው ማሽን ላይ ያለ ችግር ኮምፓይል እንድትሆን ለምትፈልጉ ነው። እኔ አማርኛ ጽሑፍ ውስጥ ፊደል ምትቆጥር ትንሽ ላይብረሪ አለችኝ፣ ሊኑክስ ላይ በጂሲሲም በክላንግም (ሁለቱም የሲን ኮድ ወደ ፕሮግራም የሚቀይሩ ኮምፓይለሮች ናቸው)፣ ማክ ላይ፣ ዊንዶውስ ላይ፣ ራስበሪ ፓይ ላይ መስራት አለባት፣ እና ሦስት ዓመት ሙሉ ከኮዱ እኩል ጊዜዬን የበላው ቢልድ ስክሪፕቱ ውስጥ፣ ማለትም ላይብረሪዋን ኮምፓይል የሚያደርገው ስክሪፕት ውስጥ፣ የትኞቹን የዋርኒንግ ፍላጎች ላስገባ የሚለው ነገር ነው። ዋርኒንግ ኮምፓይለሩ «እዚ ጋ ችግር ሊኖር ይችላል» የሚለው ማስጠንቀቂያ ነው፣ ፍላግ ደግሞ ያንን ለማብራት ኮምፓይለሩን ስትጠሩ የምትጨምሩለት ቃል። ስለዚ የሁለቱን ኮምፓይለሮች ዋርኒንግ እንደ አንድ እቃ አይቼ ያገኘሁትን ልንገራችሁ። ፍላጎቹን ስጽፍ ከፊት ያለችውን ሰረዝ ትቻታለሁ፣ መቼም ይገባችኋል።

በጣም ካስደሰተኝ ልጀምር። አማርኛ የምንጽፍባቸው ፊደላት በዩቲኤፍ-8 ሲቀመጡ እያንዳንዳቸው ሦስት ባይት ናቸው፣ «ሀ» ለምሳሌ 225፣ 136፣ 128 ነው፣ ሁሉም ደግሞ በ225 ነው የሚጀምሩት። እኔም ጽሑፉን ባይት በባይት እያየ 225 ባገኘ ቁጥር አንድ የሚደምር ሉፕ ጻፍኩ። የጻፍኩት ራስበሪ ፓይ ላይ ነበር፣ «ሰላም» ሰጠሁት 3 አለኝ፣ «ኢትዮጵያ» ስለው 5፣ ደስ ብሎኝ ተኛሁ። በማግስቱ ያንኑ ኮድ ላፕቶፔ ላይ ሳስነሳው ዜሮ። ምን ብሰጠው ዜሮ። ነገሩ ምን መሰላችሁ፣ ቻር የሚባለው ታይፕ ኔጌቲቭ ቁጥር ይይዛል ወይስ አይዝም የሚለውን የሲ ስታንዳርድ ለኮምፓይለሩ ነው የተወው፣ ኤአርኤም ሊኑክስ ላይ ከ0 እስከ 255 ነው፣ ኢንቴል ላይ ግን ከ-128 እስከ 127፣ ስለዚ ያው 225 የነበረው ባይት ላፕቶፔ ላይ -31 ሆኖ ይነበባል፣ -31 ደግሞ መቼም ቢሆን ከ225 ጋር እኩል አይሆንም።

ፍላጉ የሚመጣው እዚ ጋ ነው። ላፕቶፔ ላይ በደብሊው-ኦል (ብዙ ዋርኒንጎችን ባንዴ የሚያበራው ፍላግ) ብቻ ሳስነሳው ጂሲሲ ትንፍሽ አላለም። ተጨማሪ ዋርኒንጎችን የሚያበራውን ደብሊው-ኤክስትራ ስጨምርበት ግን መስመሩን ከነቁጥሩ አውጥቶ ይሄ ማወዳደር ሁሌም ሐሰት ነው የሚል ዋርኒንግ አሳየኝ፣ ምክንያቱም ይሄን የሚይዘው ደብሊው-ታይፕ-ሊሚትስ የሚባለው ፍላግ ኤክስትራ ውስጥ ነው ያለው። ክላንግ ደግሞ አንድም ፍላግ ሳልሰጠው በራሱ ተናገረ፣ እዚች ጋ ነጥቡን የወሰደው ክላንግ ነው። ማስተካከያው ባይቱን ወደ አንሳይንድ ቻር ቀይሮ ማወዳደር ብቻ ነው። ግማሽ ቀን የፈለኩትን ነገር አንድ ፍላግ በአንድ ሰከንድ ያሳየኝ ነበር፣ ከዛ ቀን ጀምሮ ያለ ኤክስትራ ምንም ነገር ኮምፓይል አላደርግም።

ስሙ ግን ሰው ያሳስታል። ደብሊው-ኦል ሲባል ሁሉም ይመስላል አይደል፣ ጂሲሲም ክላንግም ላይ ሁሉም አይደለም። ኤክስትራንም ጨምራችሁ ደብሊው-ሻዶው (አንድ ቫሪያብል ሌላ ተመሳሳይ ስም ያለውን ሲሸፍን)፣ ደብሊው-ኮንቨርዥን (ታይፕ ሲቀየር ዋጋው ሊለወጥ ሲችል)፣ ደብሊው-ፎርማት-እኩል-2 (የፕሪንትኤፍ ዓይነት ፎርማት ስህተት ሲኖር) ሁሉም ጂሲሲ ላይ ውጪ ናቸው፣ ለብቻ መጥራት አለባችሁ። እውነተኛው «ሁሉም» ክላንግ ላይ ደብሊው-ኤቭሪቲንግ ይባላል፣ ጂሲሲ እንደዛ የሚል ነገር የለውም። አልፎ አልፎ አዲስ ነገር ለማየት አስነሱት እንጂ ስክሪፕት ውስጥ አታስገቡት፣ ስትራክት ውስጥ ክፍት ባይት አለ ብሎ ሁሉ ያስጠነቅቃል። ዊንዶውስ ላይ ደግሞ ሌላ ጉድ አለ፣ የማይክሮሶፍት ኮምፓይለር ደብሊው-ኦል ሲባል የምሩን ሁሉንም ነው የሚያበራው፣ ክላንግ-ሲኤል የሚባለውም እሱን ለመምሰል ሲል ያንኑ ቃል እንደ ኤቭሪቲንግ ነው የሚወስደው፣ ስለዚ ከሊኑክስ ስክሪፕታችሁ ላይ ፍላጉን እንዳለ ገልብጣችሁ ከወሰዳችሁ ስክሪናችሁ በጎርፍ ይሞላል። እዛ የሚሻለው ደብሊው-4 ነው።

አሁን ዋናው። ፍላግ ዝርዝር በጭፍን አትጻፉ፣ ስክሪፕቱ መጀመሪያ ኮምፓይለሩን ይጠይቀው፦ ባዶ ሜይን ያላት ሁለት መስመር ፋይል በፍላጉ ኮምፓይል አድርጎ ካለፈ ያስገባው፣ ካላለፈ ይተወው። ቀላል ይመስላል ግን ሁለት ወጥመድ አለው። አንደኛው፣ ክላንግ የማያውቀውን የዋርኒንግ ፍላግ ስትሰጡት ዋርኒንግ ነው የሚያወጣው እንጂ ኤረር አይደለም፣ ስለዚ ፈተናው «አለፈ» ይላል፣ ከዛ እያንዳንዱ ፋይል ላይ «አላውቀውም» እያለ ይጮሃል። ለፈተናው ብቻ የማይታወቅ ፍላግን ኤረር የሚያደርገውን ደብሊው-ኤረር-እኩል-አንኖውን-ዋርኒንግ-ኦፕሽን ጨምሩለት። ሁለተኛው የጂሲሲ ነው፣ እሱ የማያውቀውን ፍላግ ኤረር ያደርጋል፣ በ«ኖ» ከጀመረ (ማለትም ዋርኒንግ የሚያጠፋ ከሆነ) ግን ዝም ብሎ ይቀበለዋል፣ እና ፋይሉ ውስጥ ሌላ ዋርኒንግ የመጣ ቀን ብቻ ስለሱ ያነሳል። ስለዚ የሆነ ዋርኒንግ ማጥፋት ከፈለጋችሁ ፈተናው ላይ «ኖ» የሌለበትን ስም ጠይቁ፣ ካለፈ «ኖ»ውን አስገቡ። ይሄን ሁሉ በእጄ ሼል ላይ ጽፌዋለሁ፣ ሜሶን የሚባለውን የቢልድ መሣሪያ የምትጠቀሙ ግን ጌት-ሰፖርትድ-አርጊውመንትስ የምትባለዋ ፈንክሽን ይሄን ሁሉ ትሰራላችኋለች፣ የ«ኖ»ውንም ጭምር፣ አዲስ ፕሮጀክት ብጀምር ያለ ጥርጥር እሷን ነው የምይዘው። ማክ ላይ ደግሞ ጂሲሲ ብላችሁ ስትጠሩ የሚመጣው ክላንግ ነው፣ ስለዚ በስም ለይቶ «ጂሲሲ ከሆነ ይሄን አድርግ» የሚል ስክሪፕት እዛ ይወድቃል፣ መጠየቅ ነው ያለው።

ደብሊው-ኤረር ላይ ጠንከር ብዬ ነው የምናገረው ምክንያቱም ሰው ጎድቼበታለሁ። ዋርኒንግን ሁሉ ኤረር የሚያደርገውን ፍላግ ሪሊዝ ያደረኩት ስክሪፕት ውስጥ ትቼው ነበር። ጀርመን ያለ ጓደኛዬ ከኔ አዲስ የሆነ ክላንግ ነበረው፣ ላይብረሪዋን ሲቢልድ ቆመበት፣ ምክንያቱ አንድ ዋጋ ተሰጥቷት ማንም የማያነባት ቫሪያብል ናት፣ የኔ አሮጌ ክላንግ ስለሷ አያወራም ነበር። ኮዱ ይሰራል፣ ባግ የለበትም፣ ግን እሱ አንድ ምሽቱን ሙሉ እሷን ሲፈልግ አደረ። ዋርኒንግ ለጻፈው ሰው እንጂ ለሚጭነው ሰው አይደለም። ደብሊው-ኤረር የራሳችሁ ማሽንና ሲአይ (ኮድ በተቀየረ ቁጥር በራሱ ቢልድ አድርጎ የሚፈትነው ሰርቨር) ላይ ይቆይ፣ ሰው እጅ የሚገባው ስክሪፕት ላይ በነባሪ ጠፍቶ ይሁን። ሌላው የቢልድ መሣሪያ ሲሜክ ከ3.24 ጀምሮ ማለትም ከ2022 ወዲህ ለዚሁ የሚሆን ማብሪያ አለው፣ ተጠቃሚውም ከውጪ ማጥፋት ይችላል፣ ጥሩ ነው።

ሌላ ሳልናገር የማላልፈው፣ ቆየት ያለ የኮንፊገር ስክሪፕት (ከቢልድ በፊት ሲስተሙ ላይ ምን እንዳለ የሚፈትሽ) ያላችሁ ሰዎች ተጠንቀቁ። ሳይታወጅ የተጠራ ፈንክሽን ድሮ ዋርኒንግ ብቻ ነበር፣ ክላንግ በ2023 ከ16 ጀምሮ፣ ጂሲሲ ደግሞ በ2024 ከ14 ጀምሮ ኤረር አድርገውታል። ኮድ ላይ ከሆነ ታዩታላችሁ፣ ችግሩ የስክሪፕቱ የራሱ መፈተኛ ፕሮግራም ሄደር (ፈንክሽኖቹን የሚያውጀውን ፋይል) የረሳ ከሆነ ነው፣ ፈተናው በዛ ምክንያት ይወድቅና ስክሪፕቱ «ይሄ ሲስተም ላይ ይሄ ፈንክሽን የለም» ብሎ ደምድሞ ዝም ብሎ ይቀጥላል። ምንም ኤረር አታዩም፣ ፕሮግራማችሁ ግን ጎደሎ ሆኖ ይወጣል። የኮንፊገሩን ሎግ ፋይል ከፍታችሁ እዩ።

ዋጋ ሳይሰጣት ልትነበብ የምትችል ቫሪያብልን የሚይዘው ደብሊው-ሜይቢ-አንኢኒሻላይዝድ ደግሞ የጂሲሲ ብቻ ነው፣ ያለ ኦፕቲማይዜሽን (ኮምፓይለሩ ኮዱን የሚያፈጥንበት ሥራ) ብዙም አያይም፣ ደረጃውን ስትቀይሩ መልሱም ይቀያየራል፣ ስለዚ በኦ-2፣ ማለትም በሁለተኛው የኦፕቲማይዜሽን ደረጃ፣ ማስነሳት ግድ ነው፣ በውሸት ሲያስጠነቅቅም ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ስዊች ውስጥ ብሬክ ተረስቶ አንዱ ኬዝ ወደ ቀጣዩ ሲያልፍ የሚይዘው ደብሊው-ኢምፕሊሲት-ፎልስሩ ጂሲሲ ላይ ከ7 ጀምሮ ኤክስትራ ውስጥ አለ፣ ክላንግ ላይ ለብቻ መጥራት አለባችሁ፣ ጂሲሲ ሆን ብዬ ነው የሚል ኮሜንት ይቀበላል ክላንግ ግን አትሪቢዩት ካላየ አያምንም። ፎርማት-እኩል-2 ሁለቱም ላይ ግሩም ነው፣ ዊንዶውስ 64 ቢት ላይ ሎንግ የሚባለው 32 ቢት ስለሆነ ፕሪንትኤፍ ላይ የምንሰራውን ስህተት ሊኑክስ ላይ ሆናችሁ ባታዩትም እዛ ሲቢልድ ያወጣዋል።

አሁን የያዝኩት ይሄን ነው፦ ኦል፣ ኤክስትራ፣ ሻዶው፣ ፎርማት-እኩል-2፣ ኢምፕሊሲት-ፎልስሩ፣ ሁሉም ተጠይቀው ያለፉ ብቻ። ኮንቨርዥንን አዲስ ፋይል ላይ ብቻ ነው የማበራው፣ አሮጌው ላይ ካበራሁት መቶ ምናምን ይመጣና አንዱንም አላነብም። ክላንግን ለዝምታው ማነስና መልእክቱ ግልጽ ስለሆነ ከ5 አራት ተኩል፣ ጂሲሲን አራት እሰጠዋለሁ፣ ግን አንዱን ብቻ ምረጥ ካላችሁኝ እምቢ ነው የምለው፣ አንዱ ያላየውን ሌላው ያያል። ሲአይ ላይ አንዱን ዙር ቻርን ኔጌቲቭ እንዲይዝ በሚያደርገው በኤፍ-ሳይንድ-ቻር፣ ሌላውን እንዳይዝ በሚያደርገው በኤፍ-አንሳይንድ-ቻር አስነሳዋለሁ፣ ራስበሪ ፓዩ ባይኖርም «ሰላም» በሁለቱም 3 ማለት አለበት።