የሄሊኮፕተሬን ጅራት ላረጋችልኝ ልጅ ምስጋና፣ ለናንተም ጥቆማ

ሰላም ለሁላችሁ። ሪሞት ሄሊኮፕተር ወይ ድሮን ያላችሁ፣ ወይ ልጆቻችሁ ያላቸው፣ ይሄን አንብቡልኝ። ረዘም ይላል ግን ይጠቅማችኋል ብዬ ነው። አዲስ አበባ ስታዲየም አካባቢ አንድ ህንጻ ላይ ሞባይል፣ የሰርግ ቪዲዮ የሚቀርጹ ልጆችን ድሮን፣ የካሜራ ጊምባል (ካሜራ እንዳይንቀጠቀጥ ሚይዘውን) እና መሰል ነገር ምትጠግን ልጅ አለች። ብዙ ያንገላታኝን የሄሊኮፕተሬን ጅራት ያስተካከለችልኝ እሷ ናት፣ እና እንዲህ አይነት ባለሙያ ሰው ሳያውቃት መቅረት የለባትም ብዬ ነው ምጽፈው።

ሄሊኮፕተሩ 450 የሚባለው መጠን ነው፣ ከላይ ሚሽከረከረው የትልቁ ሮተር አንዱ ብሌድ (ክንፉ) 325 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ባለ 3 ሴል ሊፖ ባትሪ፣ ጅራቱን ሚያዞረው ደግሞ ቺንጋ ነው። ወንድሜ ከውጭ ሲመጣ ከነመለዋወጫው ይዞልኝ የመጣ ነው። ክረምቱን ተቀምጦ ቆይቶ መስከረም ላይ ፈቃድ ያገኘንበት ሜዳ ወስጄ ሳስነሳው ጅራቱ አልረጋ አለ። አየር ላይ አቁሜው ሳለ ግራ ቀኝ ግራ ቀኝ እያለ ይወዛወዛል፣ ከፍ ላድርገው ብዬ ጉልበት ስሰጠው ደግሞ አፍንጫው ባንዴ ወደ ግራ ይሸሻል፣ ከዛ ይመለሳል፣ እንደገና ይሸሻል። እንዲህ እየሆነ ማብረር አይቻልም፣ ለሰውም አደጋ ነው፣ ብሌዱ በደቂቃ ከ2,000 ዙር በላይ ነው ሚዞረው።

ለማያውቅ ሰው ትንሽ ላስረዳ። ትልቁ ሮተር ወደ አንድ አቅጣጫ ሲዞር የሄሊኮፕተሩ ገላ በተቃራኒው መዞር ይፈልጋል። ያንን ገፍታ ምትይዘው ጅራት ላይ ያለችው ትንሿ ሮተር ናት። የኔ አይነቶቹ ከላይ ስታዩዋቸው ትልቁ ሮተር እንደ ሰዓት ቆጣሪ ነው ሚዞረው፣ ስለዚህ ጅራቱ አቅም ሲያንሰው አፍንጫው ሁሌም ወደ ግራ ነው ሚሄደው። ያቺን ትንሽ ሮተር በየቅጽበቱ አንግሏን እየቀያየረ ሚያስተካክላት ጋይሮው ነው፣ ማለትም ገላው ሲዞር ሚያውቀው ሴንሰር፣ ጋይሮው ሰርቮውን፣ ትንሿን አንቀሳቃሽ ሞተር፣ ያዛል፣ ሰርቮው ቀጭን ረጅም ዘንግ ይገፋል ይስባል፣ ዘንጉ መጨረሻ ላይ ስላይደሩን፣ የጅራቱ ሻፍት ላይ ወዲህ ወዲያ ሚንሸራተተውን እቃ፣ ያንቀሳቅሳል፣ ስላይደሩ የጅራቱን ብሌዶች አንግል ይቀይራል። ከነዚህ አንዱ ጋር ችግር ካለ ሁሉም ሚታየው ጅራቱ ላይ ነው፣ ለዛ ነው ችግሩ የት እንዳለ ማግኘት ከባድ የሆነው።

መጀመሪያ ሌላ ቦታ ነበር የወሰድኩት፣ ስም አልጠራም። እዛ ያደረጉት የጋይሮውን ጌይን መቀነስ ነው። ጌይን ማለት ጋይሮው ምን ያህል በኃይል ያስተካክል የሚለው ነው። ሲቀንሱት መወዛወዙ እውነትም ቀነሰ ግን ጅራቱ ለቀቀ፣ ነፋስ ሲነካው ይዞራል፣ ከፍ ሲል ወደ ግራ መሸሹ ጭራሽ ባሰበት። ከዛ ጋይሮው ተበላሽቷል ቀይር ተባልኩ፣ አዲስ ጋይሮ ተገዛ፣ ያው ነው። ቀጥሎ ደግሞ ሰርቮው ነው መቀየር ያለበት ተባልኩ። ያኔ ነው አንድ ጓደኛዬ ቆይ እስቲ እቺን ልጅ አሳያት ብሎ የላከኝ።

ስሄድ ምንም ነገር አልፈታችም፣ አስቀመጠችውና መጠየቅ ጀመረች። ጋሼ መወዛወዙ ፈጣን ነው ወይስ ዝግ ያለ? ቆሞ ሳለ ነው ወይስ ከፍ ሲል? ጌይኑ ሲቀነስ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል ወይስ ትንሽ ይቀራል? ሚሸሸው ሁሌ ወደ አንድ ጎን ነው? ባትሪው ሙሉ ሲሆንና ሊያልቅ ሲል ልዩነት አለው? እኔ ስመልስላት ወረቀት ላይ ትጽፋለች። መጨረሻ ላይ ያለችኝን አልረሳውም፣ "ጋሼ ጌይን በዝቶ ቢሆን ኖሮ እየተንቀጠቀጠ በፍጥነት ነበር ሚወዛወዘው፣ ሲቀንሱለትም ይጠፋ ነበር። የርስዎ ዝግ ያለ ነው፣ ሲቀነስም ይቀራል። ከፍ ሲል ወደ ግራ መሸሹ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ሁለት ችግር አለ እዚህ ጋ፣ ሁለቱም ኤሌክትሮኒክስ አይመስሉኝም።" ገና ሳትነካው ነው ይሄን ያለችኝ።

ከዛ ወደ ስራ ገባች። ገና ባትሪ ሳታገናኝ ትልልቆቹንም ትንንሾቹንም ብሌዶች ፈታ አስቀመጠች፣ ጠረጴዛ ላይ ሞተር ሊነሳ ስለሚችል ያለዚህ አልነካም ነው ምትለው፣ በጣም ነው ደስ ያለኝ። ቀጥሎ ያየችው አዲሱ ጋይሮ ላይ ያለውን የሰርቮ ሴቲንግ ነው። ይሄን ብዙ ሰው አያየውም። የጅራት ሰርቮዎች ሁሉም አንድ አይደሉም፣ በሚቀበሉት ምልክት ርዝመት ባለ 1520 ማይክሮ ሰከንድ አሉ ባለ 760 አሉ፣ ከጋይሮው በሰከንድ ሚላክላቸው የትእዛዝ ብዛትም ይለያያል፣ 333 ሄርትዝ ለዲጂታል ሰርቮ ጥሩ ነው፣ ለአናሎግ ሰርቮ ግን ከሰጣችሁት ሊያቃጥለው ይችላል። የኔ ዲጂታል ባለ 1520 ነው፣ ሴቲንጉም ልክ ነበር፣ ይሄ ደህና ነው ብላ አለፈችው።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። ዘንጉን ከሰርቮው ላይ ነቀለችውና ስላይደሩን በጣቷ ወደ ፊት ወደ ኋላ ማንሸራተት ጀመረች። በራሱ ክብደት ሊንሸራተት ምንም ያልቀረው መሆን አለበት አለችኝ። እጄን ይዛ አስነካችኝ፣ እውነትም መሀል ላይ አንዲት ቦታ ያዝ ታደርጋለች፣ በጣም ትንሽ ናት ግን አለች። "ይቺ ናት ምታወዛውዘው" አለች። ነገሩ መሪው ያዝ እንደሚያደርግ መኪና ነው፣ ትንሽ ልታዞር ስትፈልግ እምቢ ይላል፣ ጠንከር ስትል ባንዴ ዘሎ ያልፍሃል፣ ትመልሳለህ፣ በዛ በኩልም ያልፍሃል። ጋይሮውም እንደዛ ነው ሚሆነው፣ ትንሽ ማስተካከያ ይልካል፣ ስላይደሩ አይንቀሳቀስም፣ ጨመር ያደርጋል፣ ከሚገባው በላይ ይሄዳል። ጋይሮ ብትቀይሩ ሰርቮ ብትቀይሩ ይሄ አይጠፋም።

ጅራቱን ፈታ ትንሿ ሮተር ምትዞርበትን ሻፍት አወጣችና ጠረጴዛዋ ላይ ባለ የሞባይል መስታወት ላይ አንከባለለችው። በአይን ቀጥ ያለ ነው ሚመስለው፣ ሲንከባለል ግን ከስሩ ብርሃን ጭል ጭል ይላል፣ ተጣሟል። ላቃናው አላለችም፣ ይሄ አይቃናም ይቀየራል አለች፣ ወንድሜ በላከው መለዋወጫ ውስጥ ስለነበረ እሱኑ አስገባች። የደረቀውን ግራሶ ጠርጋ አወጣች፣ ኩሽኔታዎቹን አንድ በአንድ በጣቷ አዞረቻቸው፣ አንዱ ሻካራ ነበር ተቀየረ። የኳስ መያዣዎቹንም አልረሳችም፣ እዛች ትንሽ ኳስ ላይ ጠቅ ብለው የሚገቡትን ፕላስቲኮች፣ በጣም ከጠበቁ ያዝ ያደርጋሉ፣ ከላሉ ደግሞ ይወላወላሉ። አንዱ ጠብቆ ነበር፣ ኳሱ ላይ እንዳለ በፒንሳ በቀስታ ጫን ጫን አድርጋ ለቀቅ አደረገችው። ግማሹ ስራ ትዕግስት ነው እኮ፣ ያንን ሁሉ ያለ ምንም ችኮላ ነው የሰራችው።

ሁለተኛው ችግር ይበልጥ ገርሞኛል። ዘንጉ ጅራቱ ላይ በተደረደሩ ትንንሽ ቀለበቶች ውስጥ ነው ሚያልፈው፣ አንደኛው ቀለበት ላልቶ ትንሽ ዞሯል። ስለዚህ ዘንጉ ሲሳብ ደህና ነው፣ ሲገፋ ግን መሀሉ ላይ ይለመጣል። እኔ ዘንጉ ብረት ስለሆነ ይታጠፋል ብዬ አስቤም አላውቅ። አንድ ጫፍ በጣቷ ይዛ ሰርቮውን በሪሞት ስታንቀሳቅሰው አይቼ ነው ያመንኩት፣ ሰርቮው ይሄዳል፣ መሀሉ ቅስት ይሰራል፣ ጫፉ ግን ጋይሮው የጠየቀውን ያህል አይደርስም። ከፍ ሲል ጅራቱ ብዙ አንግል ሚያስፈልገው ሰዓት ላይ፣ አንግሉን ሳያገኝ ይቀራል፣ አፍንጫው ወደ ግራ ይሸሻል። ቀለበቶቹን በቀጥታ መስመር አሰለፈቻቸው፣ እንዳይዞሩ ከስር ቀጭን ቴፕ አድርጋ ብሎኖቹን አጠበቀች፣ መለመጡ ጠፋ።

አንድ ነገር ደግሞ ከሷ ነው የተማርኩት፣ እዚህ አዲስ አበባ ለምናበር ሁላችን ይጠቅማል። ማኑዋሉ ላይ ያሉት ቁጥሮች ዝቅ ላለ ሀገር ናቸው። እኛ ያለነው ከባህር ወለል በላይ ወደ 2,300 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ነው፣ አየሩ ባህር ዳርቻ ካለው ወደ 20 በመቶ ይሳሳል። አየር ሲሳሳ ትልቁም ብሌድ የጅራቱም ብሌድ ተመሳሳዩን ስራ ለመስራት ተጨማሪ አንግል ወይ ተጨማሪ ዙር ያስፈልጋቸዋል። የጅራቱ አንግል በማኑዋሉ ልክ ከተገደበ እዚህ ቶሎ ጥጉ ላይ ይደርሳል። ስለዚህ ስላይደሩ ሳይጋጭ ሚሄድበትን ሙሉ ርቀት እንዲጠቀም የጋይሮውን ሊሚት አሰፋችለት፣ የሮተሩንም ዙር ብሌዱ በሚችለው መጠን ትንሽ ጨመር አደረገች። ሰርቮው ክንድ ላይ ኳሷ የውጨኛው ቀዳዳ ላይ ነበረች፣ አንድ ወደ ውስጥ አስገባቻት፣ እንቅስቃሴው ረቀቅ ይላል አለች። የቺንጋውንም ውጥረት አየች፣ በጣም ከላላ ጥርስ ይዘላል፣ በጣም ከተወጠረ ኩሽኔታ ይበላል፣ የኔ ደህና ነበር።

እና አሁን ምስጋናዬ ዋናው ምክንያት። አዲሱን ጋይሮ ፈታ የድሮውን መለሰችልኝ! ሁለቱንም ሞከረቻቸው፣ ሁለቱም ይሰራሉ፣ "ጋሼ የድሮው ጤነኛ ነው፣ አዲሱን ሳጥኑ ውስጥ ያስቀምጡት ወይ ይሽጡት። ሰርቮዎም ጤነኛ ነው፣ እንዳይገዙ።" ሰርቮ እኮ እሷው ጋ ይሸጣል፣ መደርደሪያዋ ላይ አይቼዋለሁ፣ ግዛ ብትለኝ ምንም ሳልጠይቅ ነበር ምገዛው። የጠየቀችኝ ክፍያ ለዛ ያለአግባብ ለተገዛው ጋይሮ ከከፈልኩት ጋር ሲነጻጸር ምንም ማለት አይደለም፣ ጨምሬ ልስጣት ብል እምቢ አለች፣ የሰራሁትን ነው የጠየቅኩት አለች። ልጄ እግዚአብሔር ይስጥሽ፣ እጅሽ ይባረክ፣ እድሜና ጤና ይስጥሽ።

ሜዳ ላይ ጌይኑን እንዴት እንደማስተካክልም ነግራኝ ነበር፣ ቀስ እያልክ ጨምር ጅራቱ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ትንሽ መልሰው ነው ነገሩ። ማለዳ ብርድ ላይ ከሆነ ሄሊኮፕተሩን ከመኪና አውጥቼ አየሩን እስኪለምድ እንዳቆየው፣ ባትሪ ሳገናኝ ደግሞ ጋይሮው እስኪነሳ ጨርሶ እንዳልነካው አደራ ብላኛለች፣ ቅዝቃዜና ሙቀት ሲቀያየር ጋይሮው ይስታል። እንዳለችኝ አደረግኩ። ባንዴ ጉልበት ሰጥቼ ሽቅብ ለቀቅኩት አፍንጫው ንቅንቅ አላለም። አቆምኩት ቆመ፣ ጅራቱን አዞርኩት ለቀቅኩት፣ የለቀቅኩበት ቦታ ላይ ቀጥ ብሎ ቆመ። አብረውኝ የነበሩት ልጆች ራሱ አጨበጨቡ።

ለመሄድ ላሰባችሁ አንዳንድ ነገር ልንገራችሁ። ክፍሏ ጠባብ ናት፣ ከሰዓት ሞባይል የያዘ ሰው ይበዛል ስለዚህ ጠዋት ሂዱ። ስራ ላይ ከሆነች ስልክ አታነሳም፣ አትቀየሟት። ለዛሬ አድርሺልኝ ካላችኋት አይሆንም ነው ምትላችሁ፣ እሷ ጋ ማስቸኮል አይሰራም። የተበላሸ መስሏችሁ የነቀላችሁትን እቃ ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ፣ ሙሉውን ከነሪሞቱ ከነመለዋወጫው ውሰዱላት፣ የሆነውን ነገር ደግሞ መቼ መቼ እንደሚያደርገው አስተውላችሁ ሂዱ ምክንያቱም መጀመሪያ ምትጠይቃችሁ እሱን ነው። ሊፖ ባትሪውን ሙሉ ቻርጅ አድርጋችሁ በቦርሳ አትዙሩ፣ ሴሉ 3.8 ቮልት አካባቢ ቢሆን ይሻላል፣ ስትሞክር እሷ ጋ ቻርጅ ይደረጋል።

ስሟንና ስልኳን እዚህ አልለጥፍም፣ ጠይቄያት እንደዛ ይሻለኛል ብላለች። ምትፈልጉ በውስጥ ጻፉልኝ፣ ለሷ ነግሬ አገናኛችኋለሁ።