ልደታ ያለች ትርጉም ቤት፦ ፈጣን ናት፣ ግን ቤንዚኑን አያችሁት?

ስሟን አልጠራም። ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ደረጃ ወርዳችሁ የምትገቡባት ጠባብ ቤት ናት፣ ፎቶኮፒውም ትርጉሙም ማኅተሙም እዛው ያልቃል። አሜሪካ ያለው ወንድሜ ድሮ ማደያ የነበረበት ቦታ ሊገዛ ነው፣ አባባ ደግሞ ወረቀቱን በአማርኛ ካላየሁ አልመርቅም አሉ፣ ስለዚህ 5 ገጽ ይዤ ሄድኩ፣ ገጹ 400 ብር፣ ጠዋት ሰጥቼ ከምሳ በኋላ ወሰድኩ። ፍጥነት ላይ አንደኛ ናቸው፣ አልዋሽም።

ማታ አባባ መነጽራቸውን አድርገው ጀመሩ። "ላይ ቤንዚን አደገኛ ነው ይላል፣ ታች ቤንዚን አደገኛ አይደለም ይላል፣ የቱን ልመን?" እንግሊዝኛውን ሳየው ለካ አንዱ ኬሚካሉ ቤንዜን ነው፣ ሌላው መኪና ውስጥ የምንሞላው ቤንዚን፣ ልጁ ሁለቱንም አንድ አድርጎ ጽፏቸዋል 😅 ይባስ ብሎ ነዳጅ "ከትርጓሜው ውጪ ነው" የሚለውን "የነዳጅ ክልከላ" ብሎታል፣ ፍቺው ተገለበጠ ማለት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው፦ አሜሪካኖቹ ሱፐርፈንድ የሚሉት፣ የተበከለ መሬት ስለማጽዳት በፈረንጆች 1980 የወጣው ሕግ ድፍድፍ ነዳጅንና ከሱ የሚወጣውን፣ በስሙ ለይቶ ካልዘረዘረው በቀር፣ "አደገኛ ንጥረ ነገር" ከሚለው ትርጓሜ አውጥቶታል። ቤንዜን ለብቻው ሲሆን ዝርዝሩ ውስጥ አለ፣ ቤንዚን ውስጥ በተፈጥሮ ያለው ግን ከቤንዚኑ ጋር አብሮ ነፃ ይወጣል። የተቃጠለ ዘይት ሌላ ጉዳይ ነው፣ ሞተር ውስጥ እያለ የገባበት ብረታ ብረትና ቆሻሻ እንደ ቤንዚኑ ነፃ አይወጣም። መሬት ውስጥ የተቀበሩት ታንከሮችም ሌላ ሕግ አላቸው። ይሄን ሳስረዳቸው አባባ "ታዲያ ሕጉ አደገኛ አይደለም ስላለ ይጠጣል?" አሉኝ።

በማግስቱ ተመለስኩ። ኮምፒውተሩ ላይ ያለው ልጅ ጨዋ ነው፣ ይቅርታ ጠይቆ እዛው አስተካከለልኝ፣ አለቃው ግን "እህት፣ ማኅተም አንዴ ካረፈ በኋላ ያስከፍላል" ብሎ የአንድ ገጽ ተቀበለኝ፣ በራሳቸው ስህተት እኮ! ለልደት ሰርተፊኬት፣ ለትዳር ወረቀት ምናምን ሂዱ፣ ጥሩ ናቸው። ኬሚካልና ሕግ የተቀላቀለበት ከሆነ ግን ማኅተሙ ሳይመታ ቁጭ ብላችሁ አንብቡት።

አባባ እስካሁን አልመረቁም። ማደያው ዘይት መቀየሪያ ነበረው ወይ ብለሽ ጠይቂልኝ ብለዋል።