ደሴ ላይ «የኮሌስትሮል ጁስ» የሚሸጡትን ተጠንቀቁ

ወገን፣ ፒያሳ አካባቢ ኖኒ ከሚባል ፍሬ የተሠራ ጁስ የሚሸጡትን ታውቋቸዋላችሁ። መጀመሪያ አዳራሽ፣ ቀጥሎ «ምስክርነት»፣ ከዚያ «አባል ሁኑ፣ ሰው አምጡ»።

ለእናቴ አንዱን ጠርሙስ በ4,800 ብር ሸጡላት። የሚያንገበግበኝ ብሩ አይደለም። የኮሌስትሮል ኪኒኗን፣ አቶርቫስታቲኑን፣ አስቁመዋታል! «አብሽሪ እማ፣ እሱ ኬሚካል ነው፣ ጉበትሽን ይጨርሰዋል» ብለው። እሷም አምናቸው በየጠዋቱ በቡና ስኒ እየለካች ስትጠጣ ከረመች። ኪኒኑን ስትወስድ መጥፎው ኮሌስትሮል፣ ኤልዲኤል የሚሉት፣ 96 ነበር። ሰሞኑን ስትመረመር 171 ሆኖ ተገኘ።

ውጤቱን ይዘን ወደ ሻጮቹ ሄድን። የምትሸጠው ልጅ ወረቀቱን አላነሳችውም። በእስክሪብቶዋ ጫፍ ገፋ አድርጋ 171ን አየችና ፈገግ አለች። «እንኳን ደስ ያላችሁ!» አለችን። «ስቡ ከደም ስሯ እየተላቀቀ ነው። አሁን ካቋረጠች ነው የሚብሰው።» ይህን እያለች ከጠረጴዛው ስር ሌላ ካርቶን ሳበች። የእናቴ እጅ ወደ ቦርሳዋ ሲሄድ አየሁ። ልትከፍል ነበር እኮ!

ጠርሙሱን አዙሬ ከጀርባው ያለችውን ደቃቅ ጽሑፍ አነበብኩላት። ምግብ ነው፣ በሽታ ለማከምም ለማዳንም አይደለም ይላል። «እሱ ለሕግ ተብሎ የሚጻፍ ነው» አለች። አጠገቧ የተቀመጠው ሰውዬ ደግሞ «እማማ ችግር የለባቸውም፣ ያስቸገርከን አንተ ነህ» ብሎ ሳቀ። ብራችንን መልሱ ስል «የተከፈተ አንመልስም» አሉ። እናቴን እያዩ ነው የሳቁት።

ኮሌስትሮልን በብዛት የሚሠራው የራሳችን ጉበት ነው። አቶርቫስታቲን እዚያው ጉበት ውስጥ ኮሌስትሮል መሥራቱን ይቀንሰዋል፤ ጉበቱም ኤልዲኤሉን ከደም እየሳበ ያጠራል። ኪኒኑ ሲቆም ቁጥሩ ተመልሶ ይወጣል። 171 ማለት ይኸው ነው፤ «እየተላቀቀ» የሚባል ነገር የለም። ኖኒ የፓስፊክ ደሴቶች ፍሬ ነው። የአውሮፓ ኅብረትም በ2003 እ.ኤ.አ. ጁሱን ሲፈቅድ በምግብነት እንጂ በመድኃኒትነት አይደለም።

ሐኪሟን የበለጠ ያስደነገጠው ግን ሌላ ነው። ኖኒ ፖታሲየም የሚባል ማዕድን አለው። እናቴ ለደም ግፊቷ የምትውጠው ኢናላፕሪልም ፖታሲየም ከሰውነት እንዳይወጣ ይይዛል። ሁለቱ ሲደራረቡ፣ በተለይ ኩላሊት ከደከመ፣ ፖታሲየሙ ደም ውስጥ በዝቶ የልብ ምት ሊዛባ ይችላል። ኖኒ ይጠጣ የነበረ የኩላሊት ታማሚ ፖታሲየሙ ከልክ በላይ መውጣቱ በ2000 እ.ኤ.አ. በሕክምና መጽሔት ላይ ተጽፏል። ልብ ያድናል ብለው የሸጡላት ይህን ነው!

የወላጆቻችሁን ኪኒን አንድ በአንድ እዩ። ያቆሙት ካለ ዛሬውኑ ሐኪማቸው ጋ ውሰዷቸው፣ ጠርሙሱንም ይዛችሁ ሂዱ። ደረሰኝ ሳትቀበሉ አትክፈሉ፤ እኛ አልተሰጠንም። ኮምቦልቻና ሐይቅም መዞር ጀምረዋል አሉ።